የትከሻ ቀለም

ቁልፉ ክንድ ያክላል። ዶን ኢላሪዮን ቶሚቻ፣
ጠባዩን የሚያውቅ በመንደሩ እሱ ብቻ፣
ሁለቴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ጠምዝዞ በጉልበቱ ገጨው፤
እንደ ሰነፍ በሬ እያጓራ ዞረ ማጠፊያው።
«ሚሲዮኖቹ ሲባረሩ ቸኩለው ነበር» አለኝ፣
«ይሄን ረስተውልን ሄዱ።»
ከቀይ አቧራ፣ ከቀትር፣ ከሞተር ብስክሌት ጩኸት
ገባሁ ወደ ጥላ፣ የሌሊት ወፍ ወደሚሸትበት።

ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ።
ግድግዳው ሲያበራ ወርቅ ነው ብዬ ነበር፤
ወርቅ አይደለም፤ የድንጋይ ቅርፊት ነው፣ ከወንዝ ዳር
ሴቶች በቅርጫት ለቅመው ባሎቻቸው በሙጫ የለጠፉት።
«ወርቁ ሌላ ቦታ ሄደ» አለ ሽማግሌው፣
«ለኛ የደረሰን ማብለጭለጩ ነው።»

ከዚያ አንድ በአንድ ከጨለማው ወጡ፦
ዓምዶቹ፣ እንደ ታጠበ ልብስ ተጠምዝዘው የተጨመቁ፤
በቀቀኖች፣ ከመላእክት ጋር ቅርንጫፍ የሚናጠቁ፤
ከወይኑ ሐረግ መሃል አናናስ፣ ከአናናሱ ሥር ጉንዳን።
ሠዓሊው ገነትን አላየ፤ ያየውን ሣለ፣ ጓሮውን።
ገብርኤል ጫማ የለውም፤ ጣቶቹ ሰፋፊ፣ ጭቃ የረገጡ።
ቫዮሊን የያዘው መልአክ ቅንድቡን ቋጥሯል፣
ከጎኑ ያለው ቃና ስቶበት ይመስላል።

ወረቀቴ ሁለት ረድፍ አለው፤ ከሳንታ ክሩስ የላከኝ ቢሮ
ያተመው፣ በግራ «ጌጥ»፣ በቀኝ «ጉዳት» ብሎ፣ አስምሮ፣ ቆጥሮ።
ዝናቡ ሲያባራ አዳሾች ይመጣሉ፤
ጌጡን ያደምቃሉ፣ ጉዳቱን ይፍቃሉ።

መብራት ከትናንት ወዲያ ጠፍቷል። ብልጭታ ክልክል ነው፣ ቀለም ይበላል።
«ቆዪኝማ!» ብሎ ሮጠ ዊልማን፣ የሽማግሌው የልጅ ልጅ፤
ከፀጉር አስተካካዩ ቤት መስታወት አቅፎ መጣ፣
ደጃፉ ላይ ቆመና ከአደባባዩ ፀሐይ ቆርሶ
ጣራው ላይ ወረወረ።
«ወደ ግራ» ስለው ብርሃኑ ወደ ቀኝ፣
«ዝቅ» ስለው ሽቅብ፤ ልጁ ሳቀብኝ፤
ሲስቅ መስታወቱ እጁ ላይ ራደ፣
የገብርኤል ደረት ትንፋሽ ስቦ ከፍ አለና ወረደ።
ያቺ ፎቶ ደብዛዛ ናት። አልሰረዝኳትም።

ካሜራዬን ልከተው ስል ዶን ኢላሪዮን ክንዴን ያዘ፦
«ይሄንንም።»
የኋላው ግድግዳ። ሥዕል የለበትም።
ከበሩ እስከ ጠበሉ ገንዳ፣ በትከሻ ልክ የሚሄድ
ቡናማ እድፍ፣ ወዝ የጠጣ፣ እንደ ኮርቻ የለሰለሰ።
«ወንዶቹ እዚህ ነው የሚቆሙ፣ ከእርሻ እንደወጡ የመጡ፣
አግዳሚውን እንዳያቆሽሹ አፍረው የማይቀመጡ።
ይሄ ጎድጎድ ያለው አባቴ ነው።
ይሄ ዝቅ ያለው ሩፊኖ፣ ወንድሜ፤ አጭር ነበር፤
ለሸንኮራ አጨዳ ወርዶ ቀረ።
ቦታውን እስከዛሬ የሚደገፍ የለም።»
ከዚያ ዞረና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ፤
ትከሻው፣ እንደዚያ ቁልፍ፣ ቦታውን አግኝቶ ተቀመጠ።
«ሠዓሊው በሁለት ክረምት ጨርሶ ሄደ» አለኝ፣
«እኛ ገና እየቀባን ነው።»

ዊልማን ብርሃኑን አመጣ። አሁን አልሳቀም።

ማታ በማደሪያዬ፣ በሻማ፣ ወረቀቱን ዘረጋሁ፦
ቁጥር አርባ አንድ፣ የኋላ ግድግዳ፣ ትከሻ።
እስከዚህ ጻፍኩ። ከዚያ ብዕሬ በግራና በቀኝ
ሲዋልል ሲዋልል ቀለሙ ደርቆ ቀረብኝ።
ልተኛ ሸሚዜን ሳወልቅ በጀርባው በኩል አየሁ፦
ቡናማ አቧራ፣ በመሃሉም የዚያ ድንጋይ ቅርፊት፣ ሁለት ሦስት ፍንጣቂ።
መቼ እንደተደገፍኩ አላውቅም።